የወንዶች የሜዳ ቴኒስ ውድድርን ከዕጣ ድልድሉ እስከ ፍጻሜው ለመከታተል የሚረዳ መመሪያ

በአንድ የግራንድ ስላም ውድድር፣ ማለትም ከዓመቱ አራት ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች በአንዱ፣ በወንዶች ነጠላ ዋና ድልድል 128 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ አሸናፊው እስኪለይም 127 ጨዋታዎች ይካሄዳሉ። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨዋታዎቹ በብዙ ሜዳዎች ላይ ጎን ለጎን ስለሚደረጉ ሁሉንም ማየት ለማንም አይቻልም። ብዙ ደጋፊ ለዚህ የሚያበጀው መላ ሁለት ሦስት የታወቁ ስሞችን ብቻ መጠበቅና የቀረውን በውጤት ዜና ማለፍ ነው። እንዲህ የሚከታተል ሰው ፍጻሜውን ያያል እንጂ ውድድሩን አያይም። ሁለቱ ተፋላሚዎች እዚያ ለመድረስ ማንን እንዳሸነፉ፣ ስንት ሰዓት ሜዳ ላይ እንደቆዩና የትኛው ምታቸው ሲከዳቸው እንደሰነበተ ስለማያውቅ በመጨረሻው ቀን ከሚያየው ነገር ብዙው ያመልጠዋል። ይህ መመሪያ ከድልድሉ አንዲት ትንሽ ክፍል መርጦ፣ ያቺን ክፍል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥንቃቄ እየተከታተሉ እስከ ፍጻሜው መዝለቅ የሚቻልበትን መንገድ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

1. የውድድሩን ደረጃና የሜዳውን ዓይነት መለየት

አራቱ ግራንድ ስላሞች በጃንዋሪ በሜልቦርን የሚደረገው የአውስትራሊያ ኦፕን፣ በሜይ መጨረሻ በፓሪስ የሚጀመረው ሮላንድ ጋሮስ፣ በጁንና በጁላይ በለንደን የሚደረገው ዊምብልደን፣ በኦገስት መጨረሻ በኒውዮርክ የሚጀመረው የአሜሪካ ኦፕን ናቸው። ከእነሱ በታች የወንዶች የፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር፣ በአጭሩ ኤቲፒ፣ የሚመራቸው ማስተርስ 1000፣ 500 እና 250 የሚባሉ ውድድሮች አሉ፤ ቁጥሩ የነጠላ አሸናፊው የሚያገኘውን ነጥብ ያመለክታል። ለተመልካቹ ዋናው ልዩነት ግን የሰቱ፣ ማለትም አንድ ጨዋታ የሚከፈልባቸው ክፍሎች፣ ብዛት ነው። በግራንድ ስላም ወንዶች ከአምስት ሰት ሦስቱን ማሸነፍ አለባቸው፤ በሌሎቹ ውድድሮች ከሦስት ሁለቱን ማሸነፍ ይበቃል። በሦስት ሰት ጨዋታ አንድ ሰዓት ያህል በጥሩ ሁኔታ የተጫወተ ሰው ከእሱ እጅግ የሚበልጠውን ተጋጣሚ ሊጥል ይችላል፤ በአምስት ሰት ግን የበለጠው ተጫዋች ራሱን የሚያስተካክልበት ጊዜ ስለሚያገኝ ድንገተኛ ውጤት ይከብዳል። ስለዚህ በግራንድ ስላም ታዋቂው ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰቶች ስለተሸነፈ ብቻ ስርጭቱን መዝጋት አይገባም።

የሜዳው ዓይነትም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሜልቦርንና ኒውዮርክ በጠንካራ ሜዳ፣ ፓሪስ በቀይ ሸክላ፣ ለንደን በሳር ላይ ይጫወታሉ። ሸክላ ኳሱን ያዝ አድርጎ ከፍ ብሎ እንዲነሳ ስለሚያደርገው የምት ልውውጡ ይረዝማል፤ በሳር ላይ ኳሱ ዝቅ ብሎ ስለሚንሸራተት ጥሩ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ያለው ተጫዋች ይጠቀማል። ይህ በዋንጫዎች ታሪክ ላይ በግልጽ ይታያል፦ ራፋኤል ናዳል ካነሳቸው 22 የግራንድ ስላም ዋንጫዎች 14ቱ ከሮላንድ ጋሮስ የተገኙ ሲሆን፣ ከሮጀር ፌደረር 20 ዋንጫዎች 8ቱ የዊምብልደን፣ ከኖቫክ ጆኮቪች 24 ዋንጫዎች ደግሞ 10ሩ የአውስትራሊያ ኦፕን ናቸው።

2. ድልድሉን ማንበብና አንድ ክፍል መምረጥ

የዕጣ ድልድሉ የሚወጣው ዋናው ውድድር ከመጀመሩ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ነው። በወጣበት ቀን ሙሉውን ማተም ወይም በሰፊ ወረቀት ላይ መገልበጥ ይመረጣል፤ በስልክ መስታወት ላይ ድልድሉ በየቁራጩ ስለሚታይ ማን ከማን ጋር ሊገናኝ እንደሚችል በአንድ ዕይታ መያዝ ያስቸግራል።

መጀመሪያ ከስሞቹ ጎን ያሉትን ምልክቶች ይመልከቱ። ቁጥር ያላቸው 32 ተጫዋቾች ሲድ የሚባሉት፣ በዓለም ደረጃቸው ከፍ ያሉት ናቸው። 1ኛው በላይኛው ጫፍ፣ 2ኛው በታችኛው ጫፍ ስለሚቀመጡ ከፍጻሜው በፊት አይገናኙም፤ 3ኛውና 4ኛው በቀሩት ሁለት ሩቦች በዕጣ ይመደባሉ፤ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ያሉትም ለየሩቡ አንድ አንድ ይደርሳሉ። በዚህ አደላደል ሁለት ሲዶች ከሦስተኛው ዙር በፊት ሊጋጠሙ አይችሉም። ሌሎቹ ምልክቶች ፊደላት ናቸው። «ኪው» የሚለው በሦስት ዙር ማጣሪያ አልፎ የመጣን፣ «ደብሊው ሲ» በአዘጋጁ ልዩ ግብዣ የገባን፣ «ኤል ኤል» በማጣሪያው የመጨረሻ ዙር ተሸንፎ ሌላ ተጫዋች ሲቀር በምትኩ የተተካን፣ «ፒ አር» ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተጎድቶ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ደረጃ የተመዘገበን ተጫዋች ያመለክታሉ።

ልምድ ያለው ተከታታይ ከቁጥሮቹ ይልቅ ፊደሎቹን ያጠናል፤ እኔም ትልቁ ደስታ እዚያ እንዳለ አምናለሁ። ከማጣሪያ የመጣው ሰው በዚያው ስፍራ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ሜዳውን ስለለመደ፣ ዕረፍት ላይ ከርሞ የመጣውን ሲድ በመጀመሪያው ዙር ሊያስጨንቀው ይችላል። ከጉዳት የተመለሰ የቀድሞ ታላቅ ተጫዋችም ያለ ቁጥር ድልድሉ ውስጥ ተሰውሮ ይቀመጣል። የዚህ ከሁሉ የላቀው ምሳሌ ጎራን ኢቫኒሴቪች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ደረጃ 125ኛ ሆኖ በልዩ ግብዣ ዊምብልደን የገባው ይህ ክሮኤሽያዊ በፍጻሜው ፓትሪክ ራፍተርን በአምስተኛው ሰት 9ለ7 አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል።

ከዚያ ድልድሉን በ16 ተጫዋቾች ከሚከፈሉት ስምንት ክፍሎች አንዱን ይምረጡ። እያንዳንዱ ክፍል በ15 ጨዋታዎች አንድ የሩብ ፍጻሜ ተጫዋች ያወጣል፤ 15 ጨዋታ ደግሞ ሥራና ትምህርት ያለበት ሰውም ቢሆን በከፊል በቀጥታ፣ በከፊል በቅጂ ሊያያቸው የሚችላቸው ናቸው። ምርጫው የሚሻለው 1ኛው ሲድ ያለበት ክፍል ላይ ባይወድቅ ነው፤ የዚያን ክፍል ጨዋታዎች ስርጭቱ ራሱ ደጋግሞ ያሳያል። የሰርቭ ኃይል ያለው፣ ከኋላ መስመር ታግሎ የሚያደክምና ወደ መረብ የሚወጣ ተጫዋች ተቀላቅለው ያሉበት፣ ማን እንደሚያልፍም በቀላሉ የማይገመትበት ክፍል ካለ እሱን ይያዙ።

3. የዕለቱን የጨዋታ መርሐ ግብር መጠቀም

መርሐ ግብሩ የሚወጣው በዋዜማው ነው። እዚህ ላይ አዲስ ተከታታዮች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፦ በየሜዳው የተቆረጠ ሰዓት ያለው የመጀመሪያው ጨዋታ ብቻ ነው። የቀሩት «ተከታይ» ተብለው የሚመዘገቡ ሲሆን፣ የሚጀመሩትም ከፊታቸው ያለው ጨዋታ ሲያልቅ ነው። «ከዚህ ሰዓት በፊት አይጀመርም» የሚል ማስታወሻ ከተጻፈ፣ ያ ሰዓት ጨዋታው ሊጀመር የሚችልበት ቀዳሚ ጊዜ እንጂ የተቆረጠ ቀጠሮ አይደለም። ስለዚህ የሚፈልጉት ጨዋታ ሦስተኛ ከሆነ ከፊቱ ያሉትን ሁለቱን በቀጥታ ውጤት መከታተል ግድ ነው፤ አንድ ተጫዋች በጉዳት ካቋረጠ የእርስዎ ጨዋታ ከጠበቁት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ሊጀመር ይችላል። ሰዓቱ የተጻፈው ውድድሩ በሚደረግበት ከተማ አቆጣጠር መሆኑንም አይርሱ፤ በተለይ በኒውዮርክ የምሽት ጨዋታዎች ቀኑ ራሱ ሊለያይ ይችላል።

በግራንድ ስላም ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ በሁለት ጨዋታዎች መካከል የአንድ ቀን ዕረፍት ያገኛሉ። ዝናብ ይህን ሥርዓት ያዛባዋል። ጣሪያ ያላቸው ዋና ዋና ሜዳዎች ሳይቋረጡ ሲቀጥሉ በውጪዎቹ ሜዳዎች ላይ የተመደቡት ወደ ማግስቱ ስለሚሸጋገሩ፣ አንዱ ተጫዋች አርፎ ሌላው ሳያርፍ የሚገናኙበት አጋጣሚ ይፈጠራል። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በድልድሉ ወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉበት።

4. ጨዋታውን ማንበብ

የነጥቡ አቆጣጠር በአጭር ጊዜ ይለመዳል፦ 15፣ 30፣ 40፣ ከዚያ ጌም፤ 40 እኩል ሲሆኑ ሁለት ተከታታይ ነጥብ ያስፈልጋል፤ ስድስት ጌም በሁለት ልዩነት የያዘ ሰቱን ይወስዳል፤ 6ለ6 ሲሆኑ ሰቱን የሚለይ እስከ 7 ነጥብ የሚሄድ ጌም፣ ማለትም ታይብሬክ፣ ይደረጋል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአራቱም ግራንድ ስላሞች የአምስተኛው ሰት ታይብሬክ እስከ 10 ነጥብ ነው፤ ከዚያ በፊት በዊምብልደን አምስተኛው ሰት ከ6ለ6 አልፎ ይቀጥል ነበር፣ በ2019ም ታይብሬኩ የሚደረገው 12ለ12 ላይ ነበር። በውጤት ዝርዝር ላይ 7-6 (4) ተብሎ ሲጻፍ በቅንፍ ያለው በታይብሬኩ የተሸነፈው ሰው ያገኘው ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ታይብሬኩ 7ለ4 አልቋል ማለት ነው። ቁጥሩ 10 ቢሆን 12ለ10 ተብሎ ይነበባል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥበብ ሰርቭን መከታተል ነው። በወንዶች ቴኒስ ሰርቭ የሚመታው ሰው ጌሙን እንደሚወስድ ይጠበቃል፤ ስለዚህ 4ለ3 ብቻውን ምንም አይነግርም። መጀመሪያ የሚጠየቀው በዚያ ሰት ሰርቭ የጀመረው ማን ነው የሚለው ነው። የጀመረው ሰው 4ለ3 ቢመራ ሁለቱም የየራሳቸውን ሰርቭ ጠብቀው እየሄዱ ነው፤ ሁለተኛ የጀመረው ሰው 4ለ3 ቢመራ ግን የተጋጣሚውን ሰርቭ አንድ ጊዜ ነጥቋል፣ ማለትም ብሬክ አድርጓል። በቀጥታ ውጤት ገጾች ላይ ከአንዱ ስም ጎን የምትታየው ትንሽ ነጥብ ወይም ኳስ ሰርቭ ያለው ማን እንደሆነ ስለምትጠቁም ዓይንን እዚያ ላይ ማሳረፍ ይገባል። 0ለ30 እና 15ለ30 ሲሆን ሌላውን ሥራ ትቶ ጨዋታውን በትኩረት ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ ሰት የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ከስታቲስቲክሱ ውስጥ በሁለተኛ ሰርቭ (የመጀመሪያው ሳይገባ ሲቀር በሚመታው) የተገኙ ነጥቦችን ድርሻ ያስቀድሙ። የመጀመሪያው ሰርቭ ሲገባ ብዙው ተጫዋች ጠንካራ ነው፤ በሁለተኛው ሰርቭ ላይ ግን ፍርሃትና ድካም አይደበቁም። የአሸናፊ ምቶችና ያልተገደዱ ስህተቶች ቁጥር ብዙ ቢጠቀስም የሚቆጥረው ሰው ግምት ስለሚገባበት በጥንቃቄ መታየት አለበት። ጠቅላላ የነጥብ ድምርም ሊያሳስት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ፌደረር 218 ነጥብ፣ ጆኮቪች 204 ነጥብ አግኝተው ዋንጫውን የወሰደው ጆኮቪች ነበር። በአምስተኛው ሰት ፌደረር 8ለ7 እየመራ፣ በራሱ ሰርቭ 40ለ15 ላይ ሆኖ ሁለት የዋንጫ ነጥቦች ነበሩት። በመጀመሪያው ፎርሃንዱ (በመዳፍ ፊት በኩል የሚመታው ምት) ወጣበት፤ በሁለተኛው ወደ መረብ ሲወጣ ጆኮቪች በፎርሃንድ አሻግሮ አሳለፈበት። ጆኮቪች በዚያ ቀን የተደረጉትን ሦስት ታይብሬኮች በሙሉ በማሸነፍ 7-6፣ 1-6፣ 7-6፣ 4-6፣ 13-12 ጨረሰ። ይህን ጨዋታ በቅጂ ማግኘት የሚችል ሰው ከ8ለ7 ጀምሮ ያለውን ክፍል ደጋግሞ ቢያየው፣ ነጥቦች እኩል ክብደት እንደሌላቸው ከማናቸውም ማብራሪያ የበለጠ ይረዳበታል።

ኳሶቹንም ልብ ይበሉ። ኳሶቹ የሚለወጡት ከመጀመሪያዎቹ 7 ጌሞች በኋላ፣ ከዚያም በየ9 ጌሙ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ኳሶች ቀድመው የሚለወጡት ተጫዋቾቹ በእነዚያው ኳሶች ስለሚያሟሙቁ ነው። ሰርቭ የሚመታው ሰው አዲስ ኳስ ሲይዝ ከፍ አድርጎ ለተጋጣሚው ያሳየዋል። አዲሱ ኳስ ጸጉሩ ስላልተነሳ ይፈጥናል፤ ያረጀው ይከብዳል። ተጫዋቹ ሰርቭ ከመምታቱ በፊት ሦስት አራት ኳስ አስመጥቶ ሁለቱን የሚመርጠውም ለዚህ ነው፤ ለመጀመሪያው ሰርቭ ጸጉሩ የተኛውን ይፈልጋል። አዲስ ኳስ በየትኛው ጌም እንደሚመጣ የሚቆጥር ተመልካች፣ ሰርቭ ጠንካራ የሆነ ተጫዋች በምን ሰዓት ለመንጠቅ አስቸጋሪ እንደሚሆን አስቀድሞ ያውቃል።

በነጥቦች መካከል ለሰርቭ የሚፈቀደው 25 ሴኮንድ ባዶ ጊዜ አይደለም። ካሜራው ተጫዋቹን ሲያሳይ እርምጃው መፍጠኑን ወይም መዘግየቱን፣ በእጁ ጭኑን እየነካ መሆኑን፣ ወደ አሠልጣኙ ደጋግሞ መመልከቱን ያስተውሉ። የሕክምና ዕረፍት ሦስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ጌሞች ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራሉ። የመስመር ውሳኔን በተመለከተ፣ ዊምብልደን እ.ኤ.አ. በ2025 የመስመር ዳኞችን በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ሲተካ ሮላንድ ጋሮስ በዚያው ዓመት ሰዎቹን አስቀርቷል፤ በሸክላው ላይ የኳሱ አሻራ ስለሚቀር ዋናው ዳኛ ከወንበሩ ወርዶ ምልክቱን ሲያጣራ ይታያል።

5. በስታዲየም መከታተል

ዕድሉ ያለው ሰው ትኬቱን ለመጨረሻዎቹ ቀናት ከመቆጠብ ይልቅ ለመጀመሪያው ሳምንት ቢገዛ ይሻለዋል። በነዚያ ቀናት የግቢ መግቢያ ትኬት የያዘ ሰው በትንንሾቹ ሜዳዎች ዳር፣ ከተጫዋቹ ጥቂት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ የምቱን ድምፅና የእግሩን አጣጣል ማየት ይችላል፤ በትልቁ ስታዲየም የላይኛው ረድፍ ይህ ሁሉ ይጠፋል። መቀመጫ የመምረጥ ዕድል ካለ ከኋላ መስመሩ በስተጀርባ ያለው ቦታ ይመረጣል፦ የኳሱ ጎንና ማዕዘን ከዚያ ይታያል፤ ከጎን የተቀመጠ ሰው ፍጥነቱን በደንብ ቢረዳም አንገቱን ሲያዞር ይውላል። ጠዋት ወደ ልምምድ ሜዳዎች ጎራ ማለትም አይዘንጋ። የመረጡት ተጫዋች ስንት ደቂቃ ሰርቭ እንደመታና የትኛውን ምት ደጋግሞ እንደሠራ ማየት ማታ ለሚመለከቱት ጨዋታ ብዙ ይረዳል።

ነጥብ በሚጫወትበት ጊዜ ጸጥታ ይጠበቃል። ስልክ ድምፁ ይዘጋል፣ የካሜራ ብልጭታ አይበራም፤ ከመቀመጫ መነሳትም ሆነ መግባት የሚፈቀደው በአብዛኛው ተጫዋቾች ቦታ ሲቀያየሩ፣ ማለትም ጎዶሎ ቁጥር ጌም ካለቀ በኋላ ነው። በተጋጣሚው የመጀመሪያ ሰርቭ ስህተት ላይ ማጨብጨብ ነውር ነው። ለደጋፊነት የሚሆን ቦታ ሰፊ ነው፤ ነጥቡ ካለቀ በኋላ እንደልብ መጮህ ይቻላል።

6. ማስታወሻ መያዝ

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በድልድሉ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ውጤቱን፣ ጨዋታው የፈጀውን ጊዜና በዓይንዎ ያዩትን አንድ ነገር። ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጊዜውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዊምብልደን ጆን ኢዝነር ኒኮላ ማሁን ያሸነፈበት የመጀመሪያ ዙር ጨዋታ በሦስት ቀናት ውስጥ 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጅቶ በአምስተኛው ሰት 70ለ68 ተጠናቀቀ። ኢዝነር በቀጣዩ ዙር በቲሞ ዴ ባከር 6-0፣ 6-3፣ 6-2 ተሸነፈ። ይህ እጅግ የጎላ ምሳሌ ቢሆንም ሕጉ በትንሹም ይሠራል፤ በሦስት ዙር ሁለት ባለ አምስት ሰት ጨዋታ ያደረገ ሰው በአራተኛው ዙር ረጅም የምት ልውውጥን መሸሽ ይጀምራል። ማስታወሻ ያለው ተመልካች ይህን ለውጥ ተንታኙ ሳይነግረው ያያል።

7. በሁለተኛው ሳምንት ትኩረትን ማስፋት

ሩብ ፍጻሜ ላይ ሲደረስ ከክፍልዎ የወጣውን አንድ ሰው ይዘው ወደ ሌሎቹ ሰባት ይሻገሩ። የእያንዳንዳቸውን ቀዳሚ አራት ጨዋታዎች ውጤትና ጊዜ ከድልድሉ ላይ መልቀም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

በዚህ ጊዜ የዓለም ደረጃ ነጥብም መታሰብ ይጀምራል። የግራንድ ስላም አሸናፊ 2000፣ ፍጻሜ ላይ የተሸነፈ 1300፣ ግማሽ ፍጻሜ የደረሰ 800፣ ሩብ ፍጻሜ የደረሰ 400 ነጥብ ያገኛል። ነጥቡ የሚቆየው 52 ሳምንት ብቻ ስለሆነ ባለፈው ዓመት ዋንጫውን ያነሳ ሰው ዘንድሮ በሩብ ፍጻሜ ቢሸነፍ 400 አገኘ ተብሎ አይቆጠርለትም፤ 1600 አጣ ማለት ነው። በተቃራኒው ባለፈው ዓመት ተጎድቶ ያልተጫወተ ሰው የሚያገኘው ሁሉ ትርፍ ነው። የተጫዋቾችን ጭንቀት ለመረዳት ይህ ስሌት ከብዙ የጋዜጣ ወሬ ይበልጣል።

በተሸነፈ ተጫዋች ገጽ ላይ ስድብ መጻፍ፣ በተለይም ውርርድ የተበላ ሰው ቁጣውን በተጫዋቹ ላይ ማውረዱ፣ በዚህ ስፖርት ውስጥ የተስፋፋ ክፉ ልማድ ነው። ደጋፊ ሊርቀው ብቻ ሳይሆን ሲያየው ለገጹ አስተዳዳሪዎች ሊያመለክተውም ይገባል።

8. የፍጻሜው ቀን

ከጨዋታው በፊት የሁለቱን ተጫዋቾች ማስታወሻ ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጻፉ። የትኛው ምት ነው በዚህ ሁለት ሳምንት ሲከዳ የታየው? ተጋጣሚው እዚያ ላይ ለመምታት የሚያስችል መሣሪያ አለው ወይ? መልሱ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሰት የሰርቭ አቅጣጫ ላይ ይታያል፦ ተጫዋቹ በ30 እኩል ላይ ወደ የትኛው ጎን እንደሚመታ መዝግበው፣ በአራተኛው ሰት ያንኑ ይደግም እንደሆነ ያረጋግጡ። ጨዋታው አለቀ ብሎ ለመነሳትም አይቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የሮላንድ ጋሮስ ፍጻሜ ካርሎስ አልካራዝ ሁለት ሰት ተመርቶ፣ በአራተኛው ሰት በያኒክ ሲነር ላይ 3ለ5 እና 0ለ40 ሆኖ ሦስት የዋንጫ ነጥቦችን ካዳነ በኋላ በ5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ አሸንፏል።

ሰኞ አዲሱ የዓለም ደረጃ ሲወጣ የክፍልዎን 16 ተጫዋቾች አዲስ ቁጥር ከድልድሉ ጎን ይጻፉና ወረቀቱን አይጣሉት። በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ሳምንት የእያንዳንዳቸው ነጥብ ስለሚነሳ ማን ብዙ የሚከላከለው እንዳለው፣ ማንስ የሚያጣው እንደሌለ የሚያሳየው ያው ወረቀት ነው፤ አዲሱ ድልድል ሲወጣ ከጎኑ አስቀምጠው ክፍልዎን ከዚያ ይምረጡ።